አልጸድቅ ያሉት መቶ ሃምሳ ቁራጮች

ቀበና ወንዝ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ሽብሩ ችግኝ በሚያፈላበት ግቢ፤ እሱ በመቀስ የጽጌረዳ ዘንግ ይቆርጣል፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጥላው የወጣችው ሚስቱ ደብሪቱ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

ደብሪቱ፦ እንጨቱን ተወውና ምክንያቱን ንገረኝ ነው የምልህ። በሦስት ዙር መቶ ሃምሳ ቁራጭ ላክህልኝ። ከመቶ ሃምሳው አንድ አልጸደቀም።

ሽብሩ፦ አንድ እንኳ?

ደብሪቱ፦ አንድ እንኳ።

ሽብሩ፦ እኔ ደግሞ አራት አምስት ሳይተርፍልሽ አይቀርም ብዬ ነበር። ለቀብር የሚሆን አበባ እንኳ አላገኘሽም በይኛ።

ደብሪቱ፦ ደስታህን ስትጨርስ መልስልኝ።

ሽብሩ፦ ምን ደስ አለኝ?

ደብሪቱ፦ መቀስህ ፈጠነ። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ፤ ደስ ሲልህ እጅህ ይፈጥናል፣ ስትናደድ ትደግማለህ።

ሽብሩ፦ ስንለያይ ሽማግሌዎቹ ያሉትን ፈጽሜያለሁ። እናት ተክሏ እኔ ዘንድ ትቅር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሃምሳ ሃምሳ ቁራጭ ላክላት አሉ፤ ላክሁ። ይጽደቅላት አላሉም። ያንን ማን ይፈርዳል?

ደብሪቱ፦ እኔም ፍርድ አልፈለግኩም። ምክንያቱን ነው።

ሽብሩ፦ እሺ፣ ሐኪም እንደሚጠይቀው ልጠይቅሽ። ምን ላይ ነው የተከልሽው?

ደብሪቱ፦ የወንዝ አሸዋ ላይ። ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ።

ሽብሩ፦ ፍግ ጨምረሽበታል።

ደብሪቱ፦ ሥር ያላወጣ እንጨት ምኑን ይበላል? ፍግ እንደሚያቃጥለው ላንተ የነገርኩህ እኔ ነኝ። እዚህ ግቢ ስገባ ቁራጭህን ሁሉ በበግ በጠጥ ትቀቅለው ነበር።

ሽብሩ፦ ውኃስ?

ደብሪቱ፦ ጠዋት ብቻ፣ በርጭት። አሸዋውን እጨብጥና መዳፌ ሲረጥብ፣ በጣቶቼ መሐል ግን ሳይንጠባጠብ ሲቀር አቆማለሁ።

ሽብሩ፦ ፀሐይ አግኝቶታል።

ደብሪቱ፦ የሣር ዳስ ሠርቼለታለሁ። ለራሴ ያልሠራሁትን ጥላ።

ሽብሩ፦ ታችኛውን ጫፍ ሬት ነክረሽዋል?

ደብሪቱ፦ ነክሬዋለሁ።

ሽብሩ፦ ቅጠሉ በዝቶበት ይሆናል። ቅጠል የበዛበት ቁራጭ ሥር ሳያወጣ ላቡን ይጨርሳል።

ደብሪቱ፦ ምን ቅጠል አለው? ድሮ ከላይ ሁለት ትተውልኝ ነበር። አሁን ሙልጭ አድርገህ ገፍፈህ ነው የምትልክልኝ። እንጨት ነው የሚደርሰኝ፤ ለምድጃ ነው ለመደብ ብለው የጠየቁኝ ጎረቤቶችም አሉ።

ሽብሩ፦ በመንገድ እንዳይጠወልግ ነዋ። ለአንቺው አስቤ ነው። እየነቀልሽ ታያለሽ?

ደብሪቱ፦ ምኑን?

ሽብሩ፦ በየጠዋቱ ሳብ እያደረግሽ፣ ሥር አወጣ አላወጣ ብለሽ። ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው በሱ ነው። ክር የመሰለችው ሥር ብቅ ስትል እሱ ይበጥሳታል፣ ማግስቱን ደግሞ ለምን አልወጣም ይላል።

ደብሪቱ፦ ጀማሪ አልከኝ?

ሽብሩ፦ ሰው ሲያረጅ ወደ ጀማሪነት ይመለሳል። መብላት እንደ አዲስ ይማራል፣ መራመድ እንደ አዲስ ይማራል። መትከልም እንዲሁ ነው።

ደብሪቱ፦ አልነቅልም።

ሽብሩ፦ እንግዲያው አሸዋው ደኅና፣ ውኃው ደኅና፣ ጥላው ደኅና። ቆጥሪው እስቲ፣ ምን ቀረ?

ደብሪቱ፦ አንተ ንገረኝ።

ሽብሩ፦ እጅሽ ቀረ። እጅ ይደርቃል፣ ደብሪቱ። በልጅነቱ ያረፈበትን ሁሉ ሲያለመልም የኖረ እጅ አንድ ቀን ያልቅበታል። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ቦታ ይዞ መቀመጡ ነው።

ደብሪቱ፦ ስለ ሰኞ ሰምተሃል ማለት ነው።

ሽብሩ፦ ማን ያልሰማ አለ? የችግኝ አፍዪዎች ማኅበሩ ሰኞ እየዞረ መደብ ያያል። ሠላሳ የጸደቀ ችግኝ ያላሳየ ቦታውን ይለቃል። ሥራ ፈት ቦታ ይዞ ሌላው ለምን ይቸገራል?

ደብሪቱ፦ የማድርባት ቆርቆሮ ቤትም እዚያው ቦታ ላይ ናት። ከለቀቅኩ የምገባበት የለኝም።

ሽብሩ፦ እሱንም አውቃለሁ።

ደብሪቱ፦ እና ደንቡ ሲወጣ ማኅበሩ ውስጥ አንድ የሚናገርልኝ ሰው ጠፋ?

ሽብሩ፦ ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያወጣሁት ነኝ እንዲያውም። ሌሎቹ አንቺን አስበው ሲያመነቱ አይቼ፣ ባሏ ካወጣ ይበሉ ብዬ።

ደብሪቱ፦ ጎበዝ። ቢያንስ አልደበቅከኝም።

ሽብሩ፦ ለምን እደብቃለሁ? ቤቱ እኮ አልጠፋብሽም። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። የምትቀመጪባት ዱካ እንኳ ካኖርሽበት አልተነሣችም። አንቺ ነሽ ወንዝ ዳር ቆርቆሮ ቀልሰሽ ከእንቁራሪት ጋር ካላደርኩ ያልሽው።

ደብሪቱ፦ ብመለስ ምን ሆኜ ነው የምመለሰው?

ሽብሩ፦ እንደነበርሽው ነዋ።

ደብሪቱ፦ ምን ነበርኩ?

ሽብሩ፦ እጄ ነበርሽ። ለደንበኛ ሁሉ የምለው ያንን አልነበር? "እኔ እቆርጣለሁ፣ ይቺ እጄ ናት፣ ትተክላለች።" ክብር ነው ብዬ ነው፤ አንቺ ስድብ አድርገሽ ወሰድሽው።

ደብሪቱ፦ እጅ ስም የለውማ። አበባዋንስ? ከፈረሰ ግንብ ሥር ያነሣኋት እኔ። እሾህ የሌላት ጽጌረዳ አይቼ አላውቅም ብዬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያመጣኋት እኔ። አንተ "አረም ነው፣ ጣይው" ብለህ ነበር። ስታብብ "የሽብሩ ነጭ" ብለህ ገበያ አወጣሃት።

ሽብሩ፦ "የደብሪቱ ነጭ" ብላት ማን ይገዛኛል? የአረቄ ስም ይመስላል።

ደብሪቱ፦ አረቄውም ቢሆን በአውጪዋ ስም ነው የሚጠራው።

ሽብሩ፦ ለዚህ ብለሽ ነው ሠላሳ ዓመት የበላሽበትን ቤት ጥለሽ የወጣሽው? ለአበባ ስም። ሰው ሲሰማ ይስቃል።

ደብሪቱ፦ ይሳቅ። ከግቢው ስወጣ ቀና ብለህ አላየኸኝም፤ "ማጠጫውን ሞልተሽ ሂጂ" ነው ያልከኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ሞልቼ ወጣሁ።

ሽብሩ፦ ወደዚህ ዙሪ እስቲ። እየኝ።

ደብሪቱ፦ እያየሁህ ነው።

ሽብሩ፦ ምን ይዣለሁ?

ደብሪቱ፦ መቀስህን።

ሽብሩ፦ መቀሱን ካስቀመጥኩ ቆየሁ። ማጠጫ ነው የያዝኩት። ይህን የሚያህል ማጠጫ።

ደብሪቱ፦ ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነው።

ሽብሩ፦ እንዲህ ነው እንጂ። ምክንያት ፍለጋ እዚህ ድረስ ደከምሽ። ምክንያቱ ግንባርሽ ላይ ተቀምጦልሻል።

ደብሪቱ፦ የዓይን ግፊት ነው ብሎኛል ሐኪሙ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው እንዲቆይ ጠብታ አድርጊ አለኝ። ጥላ ጥላውን አያለሁ። ቀይ ነገር አያለሁ።

ሽብሩ፦ እኔ ደግሞ ቀይ አይደለሁም።

ደብሪቱ፦ ለማንም አልተናገርኩም። ለእኅቴ ልጅ እንኳ።

ሽብሩ፦ ለኔ መናገር አያስፈልግሽም። ካንቺ በፊት ነው ያወቅኩት።

ደብሪቱ፦ ከኔ በፊት?

ሽብሩ፦ እዚሁ ሳለሽ። ድሮ ስትተክይ አፍሽ አያርፍም ነበር፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እያነሣሽ እየጣልሽ፣ እጅሽ ብቻውን ይሠራል። አንድ ክረምት ዝም አልሽ። ምን ሆና ነው ብዬ ሳይሽ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በአውራ ጣትሽ ትዳብሻለሽ። በሰያፍ የቆረጥኩት ጫፍ የቱ ጋ ነው እያልሽ። ያኔ ገባኝ። ይቺ ሴት መሸባት አልኩ።

ደብሪቱ፦ አውቀህ ዝም አልክ።

ሽብሩ፦ ምን ልበል? አንቺ ደብቀሽ፣ እኔ ላውጣው?

ደብሪቱ፦ ሐኪም ቤት ይዘኸኝ ብትሄድ ኖሮስ? ቶሎ ብመጣ ይተርፍልኝ እንደነበረ ነው የነገረኝ።

ሽብሩ፦ የዝናብ ወር ነበር። ሥራ በዝቶ ነበር።

ደብሪቱ፦ እሺ። ስለ ሰያፉ ካነሣህ አይቀር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌላው ችግኝ አፍዪ ሁሉ ቁራጩን ከታች በኩል ነው በሰያፍ የሚቆርጠው።

ሽብሩ፦ ሌላው ሁሉ የማያውቅ ነው። በኔ ግቢ ሰያፍ ወደ ሰማይ ነው። ዝናቡ ይንሸራተታል፣ ቁስሉ ላይ ውኃ አይቆምም። ጠፍጣፋው ጫፍ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። ይህን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ እስከ ሰበታ ድረስ ያውቁልኛል።

ደብሪቱ፦ እኔም እንደዚያ ነው የተከልኩት። ሰያፉን ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋውን ወደ ታች። ሠላሳ ዓመት።

ሽብሩ፦ እንደዚያ ነው ደንቡ።

ደብሪቱ፦ ለኔ የላክህልኝንም እንደዚያው ነው የቆረጥከው?

ሽብሩ፦ እንዴት ልቆርጠው ኖሯል?

ደብሪቱ፦ ጠየቅኩህ እንጂ አልመለስኩልህም።

ሽብሩ፦ እንደዚያው።

ደብሪቱ፦ መቶ ሃምሳውንም?

ሽብሩ፦ አሁን ደግሞ ዓይንሽ ሲደክም በጥርጣሬ ማየት ጀመርሽ። መቶ ሃምሳውንም። አንድ መቀስ፣ አንድ እጅ፣ አንድ አቆራረጥ።

ደብሪቱ፦ ያንተ መደብ እንዴት ነው?

ሽብሩ፦ ሙሉ ነው። ሁለት መቶ ተክያለሁ።

ደብሪቱ፦ መትከሉን ሳይሆን መጽደቁን ነው።

ሽብሩ፦ ጊዜ ይፈልጋል።

ደብሪቱ፦ ይሄ እጄ ያረፈበት ነው መደቡ?

ሽብሩ፦ ተይው፣ አትነካኪው።

ደብሪቱ፦ አሸዋው ልቅ ነው። እያንዳንዱ እንጨት ሥር ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። ይሄኛውም። ይሄኛውም። በየቀኑ እየነቀልክ ታያቸዋለህ።

ሽብሩ፦ አልፎ አልፎ ነው።

ደብሪቱ፦ ደግሞ ትኩስ ነው፤ በቀትር አጠጥተኸዋል። ፍግም ይሸታል። ሽብሩ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም በበጠጥ ትቀቅላቸዋለህ?

ሽብሩ፦ ቶሎ ይበረታሉ ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ ከሁለት መቶው ስንት ጸደቀ?

ሽብሩ፦ ጊዜ ይፈልጋል አልኩሽ እኮ።

ደብሪቱ፦ አንድ እንኳ?

ሽብሩ፦ አንድ እንኳ።

ደብሪቱ፦ ለቀብር የሚሆንም አላገኘህም በለኛ።

ሽብሩ፦ እንግዲህ ሁለታችንም ባዶ ነን። ስለዚህ ነው የምልሽ። አንቺ ዓይን የለሽም፣ እኔ እጅ የለኝም። እኔ እያየሁ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትተክያለሽ። እንደ ድሮው።

ደብሪቱ፦ ቃሉ ደስ ይላል። ውሉስ?

ሽብሩ፦ ሦስት ነገር ነው። ቦታሽን ራስሽ ሄደሽ ለማኅበሩ ታስረክቢያለሽ፤ ሰኞ እስኪመጡብሽ አትጠብቂ።

ደብሪቱ፦ እሺ።

ሽብሩ፦ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበሽ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ትያለሽ። እነሱ ፊት ነው ያዋረድሽኝ፣ እነሱ ፊት ነው የምትክሺኝ።

ደብሪቱ፦ ሦስተኛውስ?

ሽብሩ፦ "እጄ ደርቆብኝ ነው" ትያለሽ። ሰው ሁሉ ሽብሩ የላከላት ቁራጭ ነው የማይረባው እያለ ነው። ስሜን አጥፍተሽብኛል።

ደብሪቱ፦ እጄ ደርቆ ነው ብለህ ግን ታምናለህ?

ሽብሩ፦ መቶ ሃምሳ ቁራጭ እኮ ነው። እኔ ምን ልመን?

ደብሪቱ፦ ቁራጮቹን ስታዘጋጅ የለወጥከው ነገር የለም? ረስተህም ቢሆን? በስሕተትም ቢሆን?

ሽብሩ፦ የለም።

ደብሪቱ፦ አስበህ መልስ። ብትነግረኝ አልቆጣም። ለዚህ ነው የመጣሁት።

ሽብሩ፦ ስንት ጊዜ ልማልልሽ? የለም። እጅሽ ነው። ደርቋል። እመኚና እናብቃ።

ደብሪቱ፦ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ።

ሽብሩ፦ አራተኛ ብትጠይቂም ያው ነው።

ደብሪቱ፦ አራተኛ ካልክ፣ ስለ አራተኛው ዙር ለምን አልጠየቅከኝም?

ሽብሩ፦ የቱ አራተኛ?

ደብሪቱ፦ ከሁለት ወር በፊት የላክህልኝ ሃምሳ። እኔ ስለ ሦስቱ ዙር ነው ያወራሁልህ።

ሽብሩ፦ ያው የደረቀ ነው ብዬ ነዋ።

ደብሪቱ፦ ያው አይደለም። ሦስተኛው ዙር ሲደርቅብኝ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አሸዋው ያው፣ ውኃው ያው፣ ጥላው ያው። ያልመረመርኩት ሁለት ነገር ቀረ፤ አንዱ እጄ፣ አንዱ አንተ። እሾህ ያላት ጽጌረዳ ብትሆን እሾኋ ወደ ታች ስለሚጎብጥ በዳሰሳ ይነግረኝ ነበር። ይቺ እሾህ የላትም። ቡቃያ የሚወጣባት ዓይኗም ለጥ ያለ ነው፤ አፈር የበላው ጣቴ አይለየውም። የማምነው ሰያፍህን ብቻ ነበር።

ሽብሩ፦ እና ምን አደረግሽ?

ደብሪቱ፦ አላቆምኳቸውም። አጋደምኳቸው።

ሽብሩ፦ አጋደምሽ? ምን ማለት ነው?

ደብሪቱ፦ በጣቴ ቦይ ቦይ አወጣሁ፣ እንጨቱን በየቦዩ አስተኛሁት፣ ስስ አሸዋ አለበስኩት። ራስና እግሩ ያልታወቀ እንጨት ከተጋደመ እሱው ይመርጣል። ሥሩን በፈለገው በኩል፣ ቡቃያውን በፈለገው በኩል ያወጣል።

ሽብሩ፦ እንደዚህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ደብሪቱ፦ ያየኸኝ መቼ ነው?

ሽብሩ፦ እና... ወጣ?

ደብሪቱ፦ አርባ አንዱ ጸደቀ።

ሽብሩ፦ አርባ አንድ።

ደብሪቱ፦ ሰኞ ሠላሳ ነው የሚፈልጉት። የተረፈውን ለማን እንደምሰጥ እያሰብኩ ነው። ትናንት አንዱን በቀስታ አወጣሁና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩት። ቡቃያው በጠፍጣፋው ጫፍ በኩል ነው የወጣው። ሥሩ በሰያፉ በኩል። እንደ ጢም ነው የተንዠረገገው። ሰያፉን ወደ ታች አዙረኸዋል። በሠላሳ ዓመትህ ሠርተኸው የማታውቀውን፣ ለኔ ለብቻዬ። በአውራ ጣቴ እንደምተክል አውቀህ። መቶ ሃምሳ እንጨት በራሱ ዘቅዝቄ ተከልኩ፣ ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ ውኃ አጠጣሁት፣ አነጋገርኩት። በቃሽ፣ ደርቀሻል ብዬ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የዋልኩበት ቀን አለ። እንደ ሌላ ሰው እጅ ነው ያየሁት።

ሽብሩ፦ ሁለት ዓመት ብቻዬን ነው የምበላው።

ደብሪቱ፦ እሱን አልጠየቅኩህም።

ሽብሩ፦ ከጸደቀልሽ አትመጪማ። ካልጸደቀልሽ ቦታው ይወሰድብሻል፣ ቦታው ሲወሰድ ትመጫለሽ ብዬ ነው። ክፉ አስቤ አይደለም። በቁልምጫ እንድለምንሽ ፈልገሽ ከሆነ፣ እኔ አላውቅበትም፤ ታውቂኛለሽ።

ደብሪቱ፦ ማኅበሩ ውስጥ መጀመሪያ ያወጣኸው እጅስ?

ሽብሩ፦ ያው ለዚያው ነው።

ደብሪቱ፦ ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠህ። ደንብ ያጸድቃል፣ እንጨት አያጸድቅም።

ሽብሩ፦ ስደቢኝ። ብቻ እውነቱን ነገርኩሽ። "ብትነግረኝ አልቆጣም" ብለሻል።

ደብሪቱ፦ ብትነግረኝ ነው ያልኩት። አሁን አልነገርከኝም፤ ያዝኩህ። ሻንጣዬ የት እንዳለ ታውቃለህ?

ሽብሩ፦ የምን ሻንጣ?

ደብሪቱ፦ ከበርህ ውጭ ግንቡ ጥግ አስቀምጬዋለሁ። ልብሴም፣ ጠብታዬም፣ የእናቴ ዳዊትም እሱ ውስጥ ናቸው።

ሽብሩ፦ ልትመለሺ ነው የመጣሽው?

ደብሪቱ፦ አዎ። አርባ አንዱ ከጸደቀ በኋላ ነው የሸከፍኩት፤ ቸግሮኝ እንዳይመስልህ። ዓይኔ እያለቀ ነው፤ ሳይጨርስ የማውቀው ፊት አጠገብ ልሁን አልኩ። እንዲህ ብዬ ነበር ከራሴ ጋር የተዋዋልኩት። እጠይቀዋለሁ። "እኔ ነኝ፣ ብትናፍቂኝ ነው ያደረግኩት" ካለኝ ሻንጣዬን አስገባለሁ፣ ዳግመኛም አላነሣበትም። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። ሦስት ጊዜ በር ከፈትኩልህ። ሦስቱንም ጊዜ እጄን ደርቋል አልከኝ።

ሽብሩ፦ አሁን ልበለው። ናፍቀሽኝ ነው።

ደብሪቱ፦ አሁን ለሁለት መቶው እንጨትህ ነው የምትለው።

ሽብሩ፦ ለሁለታችሁም ነው።

ደብሪቱ፦ አይ ሽብሩ። ስትዋሽ የተሻልክ ነበርክ።

ሽብሩ፦ ቆይ፣ ሻንጣውን ላስገባው። ሽማግሌውም ይቅር፣ ቦታውም ይቅር። ስሙንም ቢሆን... የፈለግሽውን በያት።

ደብሪቱ፦ ሻንጣውን እንዳትነካው።

ሽብሩ፦ ልያዝሽ እሺ፣ ደረጃ አለ።

ደብሪቱ፦ ሦስት ነው። ሁለተኛው ጎባጣ ነው። ድንጋዩን የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ይልቅ አንተ እንዳትወድቅ።

ሽብሩ፦ ዓይንሽ ጨርሶ ሲጠፋስ? ማን ይመራሻል? ያኔ ማንን ልትጠሪ ነው?

ደብሪቱ፦ ያኔም ቢሆን እጄን ለማን እንደማልሰጥ አውቃለሁ።

ሽብሩ፦ እናት ተክሏ አርጅታለች፣ ደብሪቱ። ግንዷ ጠቁሯል፤ የሚቀጥለውን ክረምት አትሻገርም። እነዚህ ሁለት መቶ ካልያዙ እኔም ሰኞ የማሳየው የለኝም። ለኔም ነው ደንቡ።

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ እጅህን ያወጣኸው አንተ ነህ።

ሽብሩ፦ ከአርባ አንዱ ሠላሳውን ለራስሽ ታሳያለሽ። የተረፈውን ለኔ... ወይ እሱንም ተይው። ቢያንስ እንዴት እንዳጋደምሻቸው አሳዪኝ። ቦዩ ስንት ጣት ነው? ውኃው ስንት ጊዜ ነው? ለዚህ እንኳ አልበቃም?

ደብሪቱ፦ ምኑ ይከብድሃል? እንጨት እንደሆነ አጋድመው ሲቀብሩት ይጸድቃል። አንተ ግን አጋድመው ሲቀብሩህም አትጸድቅም።